ስለ ማሕፀን በር ነቀርሳና ስለ ሕዋስ ልክ

በጀውሃም ሆነ በሌላው ይፋት የወሰን ክርክር በምስክር ቃል አልቈረጥ ሲል ገመድ ተጥሎ መሬቱ ይለካል። በሕክምናም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ዛሬ ለቤተ ሰብ ጥቅም ልናስረዳ ወደድን።

የማሕፀን በር ነቀርሳ ባንድ ቀን የሚፈጠር በሽታ አይደለም፤ አስቀድሞ ሕዋሶች ይለወጣሉ፥ ይህም ለውጥ በሦስት ደረጃ ይከፈላል። የመጀመሪያው ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይድናል፤ ሦስተኛው ግን ሳይታከም ከቀረ በብዙ ዓመት ውስጥ ወደ ነቀርሳ ሊደርስ ይችላል። ደረጃውን ሐኪሞች በማይክሮስኮፕ እያዩ ይለያሉ፤ ነገር ግን አንዱን ናሙና ሁለት ሊቃውንት አይተው ሁለት ፍርድ የሚሰጡበት ጊዜ አለ። ደረጃው አሳንሶ ቢገመት በሽታው ሥር ይሰዳል፤ አብልጦ ቢገመት ሳያስፈልግ የተቈረጠችው ሴት ዃላ ስታረግዝ ያለ ቀኗ ልትወልድ ትችላለች።

ስለዚህ ሊቃውንት ኮምፒዩተርን እንደ ገመድ አድርገው ይሠሩበት ጀመር። መሣሪያው የሕዋሱን አስኳል ስፋትና ቅርጽ፥ የቀለሙን ጥቍረትና ከሕዋሱ አካል ጋራ ያለውን ምጣኔ በቍጥር ይለካል፤ በሽታው ሲከፋ አስኳሉ እየሰፋና እየጠቈረ ይሄዳልና። ይሁን እንጂ ገመድ ዳኛ እንዳይደለ ሁሉ፥ ፍርዱ የሐኪሙ ነው።

ለቆላ እናት ግን ከዚህ የሚቀድም ቀላል መንገድ አለ። ባገራችን ከ30 እስከ 49 ዓመት የሆናቸው ሴቶች የማሕፀን በራቸው የኮምጣጤ አሲድ ተቀብቶ ይመረመራሉ፤ የተለወጠው ሥፍራ ነጭ ሆኖ ይታያል፥ ብዙ ጊዜም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ሊታከም ይቻላል። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ መሆኑን ያስረዱት ጀርመናዊው ሐኪም ሃራልድ ዙር ሃውዘን በ2008 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ፤ መከላከያው ክትባትም በኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ተጀመረ።

ይህ በሽታ ሲጀምር ሕመም የለውም፤ ስለዚህ «ምንም አላመመኝም» ማለት ለጤንነት ማስረጃ አይሆንም። ደም መፍሰስ ሲታይ ብዙ ጊዜ አልፏል። የቤት አባቶች ሆይ፤ ለባለቤታችሁ የመንገዱን ወጪ አታጕድሉባት፥ ዕፍረቷንም አቅልሉላት፤ ሴት ልጃችሁንም ለክትባት ስደዱ። በየወረዳው የምታስተዳድሩም ሰዎች፥ ምርመራው የሚሰጥበትን ቦታና ቀን በገበያና በደብር አስነግሩ።