ስለ እባብ መርዝና ስለ መድኃኒቱ



«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፣ የእባብ ነገር ሲነሣ ሰው ሁሉ ይደነግጣል፤ ድንጋጤም ማስተዋልን ያጠፋል። እኛ ይህን የተማርነው በወላይታ ቆላ፣ በዲምቱ ሳለን ነው። ከተማሪዎቻችን አንዱን በበቆሎ ማሳ ውስጥ እፉኝት ነደፈው፤ እኛም ከጎረቤቶቹ ጋር ሆነን ከጉልበቱ በታች በጠፍር አጥብቀን አሰርነው። ልጁ በሕይወት ተረፈ፤ እግሩ ግን ተቈረጠ። ሐኪሙም ማሰሪያው መርዙን እንዳገዘው ነገረን። ይህን የምንጽፈው ሌላ ቤተ ሰብ ስሕተታችንን እንዳይደግም ነው።

የእፉኝት መርዝ ሥጋንና የደም ሥርን ያበላሻል። እግሩ በገመድ ሲታሰር መርዙ በአንድ ስፍራ ይከማቻል፤ የደሙም መንገድ ይዘጋል፤ ሥጋውም ይሞታል። የኮብራና የማምባ መርዝ ደግሞ ነርቭን ይይዛል፤ የዓይን ቆብ ይወድቃል፤ መተንፈስም ያቅታል። ቍስሉን መብጣት፣ መምጠጥ፣ ጥቁር ድንጋይ መለጠፍም አይጠቅምም። «እገሌ በድንጋዩ ዳነ» ቢባል፣ እባብ ነድፎ መርዝ ሳያፈስስ የሚቀርበት ጊዜ አለና፣ እንዲህ ያለው ሰው ያለ ድንጋዩም ይድን ነበር።

እውነተኛው መድኃኒት ሴረም ነው። ፈረንሳዊው ሐኪም አልቤር ካልሜት በ1894 በአውሮፓ አቈጣጠር አስታወቀው፤ መርዙ በጥቂት በጥቂቱ ለፈረስ ይሰጣል፤ የፈረሱ ደም መከላከያ ያበጃል፤ ያም ተጣርቶ ለታማሚው በደም ሥሩ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰዎች በእባብ መርዝ ይሞታሉ።

ስለዚህ የተነደፈውን ሰው አረጋጉት፤ ቀለበት፣ አምባርና ጫማ አውልቁለት፤ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ በእንጨት ደግፉ፤ በእግሩ ሳታስኬዱ በቃሬዛ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ አድርሱት። ሴረሙ በሁሉም ስፍራ አይገኝምና አንድ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ይጠይቅ። እባቡን በማሳደድ ጊዜ አታጥፉ።

ቅዱስ ጳውሎስ በመላጥያ ደሴት እፉኝት ነድፎት ምንም አልሆነም፤ ያ ተአምር ነው። እግዚአብሔርን ግን ልንፈታተነው አይገባም። መጽሐፈ ሲራክም በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምንም መድኃኒትንም የፈጠረ እርሱ እንደ ሆነ ያስተምረናል። ጸሎት በመንገድም ይደረጋል፤ ጠበሉም ይቈያል፤ መርዝ ግን አይቈይም።

ያ ልጅ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል። ባየነው ቍጥር ያ ጠፍር ትዝ ይለናል።