በሳምንት አንድ ፔኒ

እስቲ ራሳችሁን አንድ ነገር ጠይቁ። ሦስት እሑድ በተከታታይ ከጉባኤ ብትቀሩ፣ «ምነው ጠፋችሁ?» ብሎ በራችሁን የሚያንኳኳ ሰው አለ? ስማችሁ በአባላት መዝገብ ላይ መኖሩ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ በመዝገብ መታወቅና በሰው መታወቅ ለየቅል ናቸው። የቀደሙት ሜቶዲስቶች ይህን ልዩነት የተማሩት ከስብከት ሳይሆን ከዕዳ ነበር።

ነገሩ የሆነው በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ ነው። የአንግሊካን ቄስ የነበረው ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1738 ለንደን ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ ሳለ፣ ክርስቶስ የእርሱንም ኃጢአት እንዳስወገደለት በልቡ አረጋገጠ። በ1739 ደግሞ በብሪስቶል ሜዳ ላይ ቆሞ ለድኾችና ለድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ወንጌልን ይሰብክ ጀመር። አማኞች ሲበዙ በዚያው ዓመት «ኒው ሩም» ማለትም «አዲሱ ክፍል» የተባለ የመሰብሰቢያ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቤቱ ዛሬም በስፍራው አለ። የሥራው ወጪ ግን ዕዳ ሆኖ ቀረባቸው።

በፌብሩዋሪ 1742 ዕዳውን እንዴት እንክፈል ብለው ተሰበሰቡ። ካፒቴን ፎይ የተባለ አባል እያንዳንዱ ሰው በሳምንት አንድ ፔኒ እንዲያዋጣ ሐሳብ አቀረበ። ብዙዎቹ ድኾች ስለሆኑ አይችሉም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። እርሱም ከሁሉ ይልቅ ድኻ የሆኑትን ዐሥራ አንድ ሰዎች ለእኔ ስጡኝ፣ በየሳምንቱ እየሄድሁ እጠይቃቸዋለሁ፣ ያቃታቸውንም ከራሴ እሞላለሁ አለ። ሌሎችም የእርሱን ምሳሌ ተከተሉ።

ለፔኒ ብለው ቤት ለቤት የዞሩት ሰዎች ግን ከገንዘብ ሌላ ነገር አገኙ። በአንዱ ቤት ስካር፣ በሌላው ቤት ጠብ ነበር። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ሲፈልገው የኖረው የእረኝነት መንገድ ይህ መሆኑን አስተዋለ። ከዚያ በኋላ አባላቱ ሁሉ «ክላስ» በሚባሉ ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎች ባሏቸው ቡድኖች ተከፈሉ። የቡድኑ መሪ በየሳምንቱ የእያንዳንዱን ነፍስ ሁኔታ ይጠይቅ ነበር።

ወደዚህ ኅብረት ለመግባት የሚጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እርሱም ከሚመጣው ቍጣ ለማምለጥና ከኃጢአት ለመዳን መፈለግ ነው። ምክንያቱም ሜቶዲስቶች ክርስቶስ ለሰው ሁሉ እንደ ሞተ፣ ድነትም በጸጋ በእምነት እንደሆነ ያምኑ ነበር። ነገር ግን ያመነ ሰው በቅድስናና በፍቅር ማደግ እንዳለበትም ያምናሉ። ስለዚህ በ1743 የወጣው ደንብ ክፉ አታድርጉ፣ መልካም አድርጉ፣ ከጸሎት፣ ከቃሉና ከጌታ እራት አትራቁ የሚል ነበር። የአባልነት ካርድ በየሦስት ወሩ ይታደስ የነበረውም ሕይወት ታይቶ ነው።

ይህ ለይስሙላ አልነበረም። በዚያው በ1743 ዌስሊ በኒውካስል 64 ሰዎች ከኅብረቱ መውጣታቸውን ከነምክንያታቸው ጽፏል። 17ቱ በስካር፣ አንዱ ሚስቱን በመደብደብ፣ 29ኙ ደግሞ በግዴለሽነት ነበር። ዛሬ ሚስቱን የሚደበድብ አባል በጉባኤያችን ቢኖር፣ ነገሩን ቀድሞ የሚያውቀው ማን ይሆን?

ዌስሊ በ1791 ሲያርፍ በብሪታንያና በአየርላንድ ከ70,000 በላይ አባላት ነበሩ። ካርዱ ለዓመታት ሲታደል ኖረ፤ የቡድኑ ስብሰባ ግን በ19ኛው ክፍለ ዘመን እየቀዘቀዘ ሄደ። ወረቀት ያለ መጠያየቅ የትም እንደማያደርስ ከዚህ እንማራለን።

በአገራችንም በቤት የሚደረገው ኅብረት በደርግ ዘመን ብዙዎችን በእምነት እንዳቆየ ያለፉበት ይመሰክራሉ። ያን ጊዜ የቀረ ሰው ወዲያው ይታወቅ ነበር። ዛሬ አዳራሹ ሲሰፋ መጥፋትም ቀላል ሆኗል።

እንግዲህ ጳውሎስ በገላትያ 6፥2 ሸክምን ስለ መሸካከም የጻፈውን ከቤተ ሰባችሁ ጋር አንብቡ። ከዚያም ከጉባኤያችሁ የጠፋ አንድ ሰው አስቡና በዚህ ሳምንት ቤቱ ሂዱ። ካፒቴን ፎይ የመረጠው ለመክፈል የሚቸገሩትን እንደነበር አትርሱ። ጌታ ይርዳን።