አማናችንን በደላላ አንላክ!



ውድ ወንድሞችና እህቶች! ከጁሙዓ በኋላ በምንታደላቸው ወረቀቶች ላይ አንዳንዱ አጭር ሊንክ፣ አንዳንዱ ኪውአር ኮድ ይዞ ይወጣል። «ሁለቱም ያው ነው» የሚሉን አሉ። ያው አይደለም!

አጭር ሊንክ ደላላ ነው። የነካው ሰው መጀመሪያ የሚያርፈው አሳጣሪው ድርጅት ደጃፍ ነው። ድርጅቱም በስንት ሰዓት፣ ከየት አገር፣ በምን ዓይነት ስልክ እንደተነካ መመዝገብ ይችላል። ሥራውን በተወ ቀን ሊንኩ ባዶ ይቀራል። ትልቁ ጎግል እንኳ የራሱን ማሳጠሪያ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲስ ሊንክ ዘግቶታል። በብዙ አጫጭር ሊንኮች ላይ የምናየው «ኤል ዋይ» የሊቢያ መለያ ነው፤ በ2010 የአገሪቱ መዝጋቢ የአንድ ማሳጠሪያን አድራሻ ነጥቆ ዘግቷል።

በ1994 በጃፓኑ ዴንሶ ኩባንያ የተሠራው ኪውአር ኮድ ግን ሙሉውን አድራሻ ራሱ ይሸከማል። በከፍተኛው የእርማት ደረጃ ከተዘጋጀ 30 በመቶ ያህሉ ቢበላሽ እንኳ ይነበባል። ሆኖም ዓይን አያነበውም፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው! በ2022 መጀመሪያ በአሜሪካ ኦስቲን ከተማ አጭበርባሪዎች በመኪና ማቆሚያ መክፈያዎች ላይ የሐሰት ኮድ ለጥፈው ተገኝተዋል። በመስጂዳችን በር ላይ በተለጠፈው የሰደቃ ፖስተር ላይ ይህ እንዳይደረግ ማን ይጠብቃል?

«አጭር ሊንክ ስንት ሰው እንዳየን ይቆጥርልናል» ይሉናል። የጀመዓውን ዱካ ለማናውቀው ሰው አሳልፎ ሰጥቶ ቁጥር መቀበል አማናን መብላት ነው!

ስለዚህ አቋማችን ግልጽ ነው፦

በወረቀት ላይ ሙሉ አድራሻ የያዘ ኪውአር ኮድ ይታተም፤ ከሥሩም አድራሻው በሚነበብ ፊደል ይጻፍ። አንዳንድ ኮድ ሠሪዎች በውስጡ አጭር ሊንክ ስለሚደብቁ፣ ከመታተሙ በፊት ስካን ተደርጎ ይፈተሽ።

በቴሌግራም ሙሉው ሊንክ ይላክ። ረዘመ ብሎ የሚያኮርፍ ስልክ የለም!

ቁልፍ ስልክ የያዙ አባቶችና እናቶች እንዳይቀሩ፣ ፍሬ ነገሩ ወረቀቱ ላይ ይስፈር።

የመስጂድ ኮሚቴዎች በየጁሙዓው ፖስተሩን በጣታቸው ይዳስሱ፤ የተደረበ ስቲከር አይደበቅም። ሁላችንም ከመክፈታችን በፊት ስልካችን የሚያሳየንን አድራሻ እናንብብ።

መልእክታችን ያለ ደላላ ይድረስ!

አላሁ አክበር!