ሦስት ጉልቻ የሌለው ምርምር

በምዕራብ ለንደን፣ ከሼፈርድስ ቡሽ አደባባይ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው የውድ ሌን ጎዳና ባለፈው አንድ ምዕተ ዓመት መልኩን ደጋግሞ ለውጧል። እ.ኤ.አ. በ1908 የፈረንሳይና የብሪታንያ ዐውደ ርእይ ሲካሄድበት የሕንፃዎቹ ቀለም ነጭ ነበርና አካባቢው ዋይት ሲቲ፣ ማለትም «ነጭ ከተማ» ተባለ፤ በዚያው ዓመት የኦሊምፒክ ጨዋታም ተስተናገደበት። ከ1960 እስከ 2013 ድረስ ደግሞ የቢቢሲ ቴሌቪዥን ማእከል መናኸሪያ ሆነ። ዛሬ በዚያው ጎዳና ላይ ስሙ ጎልቶ የሚታየው የኢምፔሪያል ኮሌጅ ነው። የኬሚስትሪ ተመራማሪዎች፣ የባዮሜዲካል መሐንዲሶችና የሕዝብ ጤና ምሁራን በአንድ ግቢ ውስጥ ይሠራሉ። ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በአጠገባቸው ቢሮና ቤተ ሙከራ ይከራያሉ። የአካባቢው ነዋሪዎችና ወጣቶች መጥተው መሣሪያ ይዘው የሚሞክሩበት አውደ ጥናትም ከ2017 ጀምሮ ተከፍቶላቸዋል። ሐመርስሚዝ ሆስፒታልም ከዚያ ብዙም አይርቅም።

ይህ አቀማመጥ የመሬት ዋጋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ከጀርባው አንድ እምነት አለ። ሳይንስ የሚያገኘው እውቀት፣ ኅብረተሰቡ የሚኖርበት ሁኔታና ገበያው የሚሠራበት ሥርዓት አንድ ድስት የሚጣድባቸው ሦስት ጉልቻዎች ናቸው የሚል ነው። አንዱ ጉልቻ ከጎደለ ድስቱ ይገለበጣል። ኢምፔሪያልም ቢሆን ከጉድለት የጸዳ አይደለም። ተቋሙ በሳይንስ፣ በምህንድስና፣ በሕክምናና በንግድ ትምህርት ላይ የታነጸ እንጂ የሕግም ሆነ የታሪክ ፋኩልቲ የለውም፤ የኅብረተሰቡን ጉልቻ ከጎረቤት ተቋማት ጋር በመተባበር ለማቆም ይገደዳል። የሆነው ሆኖ ሦስቱም እንደሚያስፈልጉ ያምናል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ጉዳዩ የሚያሳስበው እዚህ ላይ ነው፤ ኢትዮጵያ ይህን ትምህርት ከማንም ቀድማ፣ በውድ ዋጋ ገዝታዋለችና።

የሦስቱን ቁርኝት ዓለም በቅርቡ በገሃድ አይቶታል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 2020 የኢምፔሪያል ተመራማሪዎች ባወጡት ሪፖርት፣ ምንም እርምጃ ካልተወሰደ ኮቪድ-19 በታላቋ ብሪታንያ ወደ 510,000 ገደማ ሰዎችን ሊገድል እንደሚችል ገመቱ። ስሌቱ የሒሳብና የበሽታ ሥርጭት ጥናት ውጤት ነበር። ይሁን እንጂ ሰው ቤቱ ተቀመጥ ሲባል ምን ያህል እንደሚታዘዝ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የድኻ ልጅ ምን እንደሚያጣ፣ የዕለት ገቢ ያለው ቤተሰብ ስንት ቀን ሊቆይ እንደሚችል መመለስ የሌሎች ዕውቀቶች ድርሻ ነበር። ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሚወስን መንግሥት አይኑን ጨፍኖ የሚሄድ ያህል ነው፤ ቁጥሩን ሳይዝ የሚወስንም እንዲሁ።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመለስ፣ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሣው የዶክተር አክሊሉ ለማ ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 ቢልሃርዚያን ሲያጠኑ ዓድዋ ወርደው ነበር። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች፣ የበሽታው ተሸካሚ የሆኑት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እንዶድ ለዘመናት የድኻ ሳሙና ነበር፤ ያ ምልከታ ግን የሕዝብ ጤና መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አመላከተ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ጥናቱ ቀጠለ፤ ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የተሻለ ኃይል ያላቸውን የእንዶድ ዓይነቶች መርጠው ለይተዋል። ሁለቱ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በጋራ ተቀበሉ።

ከምልከታው እስከ ሽልማቱ ግን ሩብ ምዕተ ዓመት አለፈ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የጎደለው ሳይንሱ ነበር ማለት ያስቸግራል። ዓለም አቀፍ ድርጅቶች እንዶድ መርዛማ አለመሆኑ በታወቁ ቤተ ሙከራዎች፣ በታወቀው መስፈርት እንዲረጋገጥ ጠየቁ፤ ያን ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብና ተቀባይነት ግን በአዲስ አበባ አልነበረም። ተክሉን በስፋት የሚያለማ፣ ፈጭቶና አሽጎ የሚሸጥ፣ ለገበሬው ዋጋ የሚተምን ድርጅትም አልቆመም። አንድ ጉልቻ በደንብ ቆሞ ሁለቱ ጎደሉ። በ1990ዎቹ ደግሞ ዶክተር አክሊሉ በተሳተፉበት ሙከራ እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚደፍነውን ዜብራ መስል የተባለ ፍጥረት እንደሚገድል ታወቀ፤ የባለቤትነት መብቱን ያስመዘገበው በአሜሪካ ኦሃዮ የሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ከዓድዋ ወንዝ የተነሣው ዕውቀት የሕግና የገበያ ማረፊያ ያገኘው በሌላ አህጉር ነው።

የቢልሃርዚያው ትግል በዚህ መካከል በሌላ መንገድ ተጓዘ። ፕራዚኳንቴል የተባለው ክኒን ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢምፔሪያል ኮሌጅ የተቋቋመው የቢልሃርዚያ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም መድኃኒቱን ለአፍሪካ ሕፃናት ለማድረስ ተነሣ፤ ኢትዮጵያም በ2015 በጀመረችው የትምህርት ቤት ተኮር ዘመቻ ከዚሁ ፕሮግራም ድጋፍ አግኝታለች። ፕሮግራሙ ውጤት ያመጣው ሐኪሙ ብቻውን ስለሠራ አይደለም። መድኃኒቱን በነፃ የሚያቀርብ ኩባንያ፣ ክፍል ውስጥ ክኒኑን የሚያድል መምህር፣ አንድን ሕፃን ለማከም የሚወጣውን ሳንቲም የሚያሰላ የምጣኔ ሀብት ባለሙያ በአንድ ላይ ተሰልፈዋል። እንዶድ ያጣው ስብስብ ክኒኑን አገልግሎታል። አዲስ አበባም ለንደንም የነበራቸው ችሎታ አንድ ዓይነት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ልዩነቱ በዙሪያቸው በነበረው ተቋም ላይ ነው።

የጤፍ ታሪክ ደግሞ ሌላውን ገጽ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያ ተቋማት ከአንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ጋር ጤፍን በሚመለከት ስምምነት ተፈራረሙ። ኩባንያው የጤፍ ዱቄትን አዘገጃጀት በአውሮፓ እንደ ራሱ ፈጠራ አስመዝግቦ ስለነበር፣ ለትውልድ እንጀራ ስትጋግር የኖረች አገር የምታውቀው ጥበብ በሌሎች ስም ተጻፈ። ኩባንያው በ2009 ከሰረ፤ መብቱ ግን ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ቀጠለ። በኅዳር 2018 የሄግ ፍርድ ቤት ጉዳዩ ፈጠራ የሚያሰኝ ነገር የለውም ብሎ መብቱን በኔዘርላንድ ውድቅ አደረገው። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ክርክሩ በሁለት የአውሮፓ ኩባንያዎች መካከል የተካሄደ መሆኑ ነው። ኢትዮጵያ የፍርዱ ተጠቃሚ ሆነች እንጂ ተከራካሪ አልነበረችም። የዘር ተመራማሪው በቂ ዕውቀት ነበረው፤ ከጎኑ ግን የፓተንት ሕግ የሚያውቅ ጠበቃና የምግብ ገበያን የሚያጠና ባለሙያ በጊዜው አልቆሙም።

ሦስቱ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የሚያሳየው ቡና ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ይርጋጨፌና ሐረር የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ፤ ከስታርባክስ ጋርም ብርቱ ውዝግብ ተነሣ፤ በሰኔ 2007 ግን ከኩባንያው ጋር ስምምነት ተደረሰ። ጉዳዩ የሕግና የንግድ ብቻ አልነበረም። የቡናውን ጣዕም ከስፍራው ጋር የሚያስተሳስር የዕፀዋትና የአፈር ዕውቀት፣ የገበሬውን ድርሻ የሚያሳይ የኅብረተሰብ ጥናትና የዓለም ገበያን የሚያነብ ስሌት ተደማምረው የድርድር አቅም ሆነዋል። ስምምነቱ የገበሬውን ኑሮ ሙሉ በሙሉ ለውጧል ማለት አይቻልም፤ አገሪቱ ግን በስሞቿ ላይ ባለመብት ሆና ከጠረጴዛው ተቀምጣለች።

እዚህ ላይ የሚነሣ ተገቢ ተቃውሞ አለ። ምርምር ሁሉ ገበያን ካሰበ፣ ከንጹሕ የማወቅ ጉጉት የሚወለደው መሠረታዊ ሳይንስ አይሞትም ወይ? ስጋቱ እውነት አለው። ዶክተር አክሊሉ በወንዙ ዳር ያዩት ነገር የንግድ ዕቅድ ውጤት አልነበረም። ስለዚህ እያንዳንዱ የሒሳብ ወይም የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነጋዴ ይሁን ማለት ስሕተት ነው። ነገር ግን ግኝቱ ከተገኘ በኋላ፣ ማን ይጠቀምበታል? ማንስ ይጎዳበታል? የማንስ ንብረት ነው? የሚሉትን ጥያቄዎች የሚቀበል ክፍል በዩኒቨርሲቲው ውስጥ መኖር አለበት። ተመራማሪው ሁሉን እንዲያውቅ ሳይሆን፣ የማያውቀውን የሚያውቅ ሰው በሩ አጠገብ እንዲያገኝ ነው።

የኢትዮጵያ የከፍተኛ ትምህርት ጉዞ በዚህ ረገድ መልሱን በቁጥር ሲፈልግ ቆይቷል። ለዓመታት ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ እንዲመደቡ ተደርጓል። ኋላም ዩኒቨርሲቲዎች በተልእኮ ተለይተው የምርምር፣ የአፕላይድ ሳይንስና የአጠቃላይ ተብለዋል። ክፍፍሉ የራሱ ምክንያት አለው፤ አገሪቱ መሐንዲስና ሐኪም ያስፈልጋታል። ግን የተማሪው ድርሻ 70 ይሁን 50፣ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ጥያቄ ላይ ካልተቀመጡ የሚለወጥ ነገር የለም። አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ወጡን የሚያጣፍጠው በትንሹ ሊጀመር ይችላል። በኢትዮጵያ ዘር፣ ዕፅ ወይም ባህላዊ ዕውቀት ላይ የሚደረግ ማንኛውም የምርምር ሐሳብ ገና ገንዘብ ከመፈቀዱ በፊት፣ የሕግና የገበያ ባለሙያ ያዩት፣ ዕውቀቱን ያቆየው ማኅበረሰብም የተጠየቀበት ይሁን። የጎንደር የሕክምና ተመራማሪ ከባሕር ዳር የምጣኔ ሀብት መምህር ጋር በአንድ የምርምር ገንዘብ ይሥሩ። በለንደን፣ በዋሽንግተንና በስቶክሆልም የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የፓተንት ጠበቆች፣ የመድኃኒት ቁጥጥር ባለሙያዎችና የንግድ ተንታኞችም አሉ። ለአገራቸው ምሁራን ከሚያዋጡት ገንዘብ ይልቅ፣ አንድን ውል ከመፈረሙ በፊት የሚያነቡበት ሁለት ሰዓት የበለጠ ዋጋ ሊኖረው ይችላል።

ይህ ጉዳይ ነገ የሚደርስ አይደለም፤ ደርሷል። የእንሰት፣ የኮሶ፣ የጥቁር አዝሙድና የገብስ ዝርያዎች ምስጢር በቤተ ሙከራ እየተነበበ ነው፤ የዘረመል መረጃ ደግሞ ዘሩ ድንበር ሳይሻገር በኮምፒዩተር ይጓዛል። ጤፍ ከመዝገብ የተፋቀው ሌላ ኩባንያ ስለተከራከረላት ነው። ለሚቀጥለው ተክል እንዲህ ያለ አጋጣሚ ይገኛል ብሎ መጠበቅ ግን የምርምር ፖሊሲ ሊባል አይችልም።