ስህተት የሚያነብ አስጠኚ

ወደ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች የሁለተኛ ዲግሪ መርሐ ግብሮች ለመግባት ከሚጠየቁት ፈተናዎች መካከል በሰፊው የሚታወቀው ጂማት፣ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 አዲስ መልክ ይዞ ከወጣ ወዲህ፣ አመልካቾች አስጠኚ የሚፈልጉበት ምክንያትም አብሮ ተለውጧል። ቀድሞ አስጠኚ የሚቀጠረው በአብዛኛው ለሒሳቡ ወይም ለእንግሊዝኛው ሲሆን፣ ዛሬ ዳታ ኢንሳይትስ የሚባለው ክፍል፣ ማለትም ከሰንጠረዥ፣ ከግራፍና ከተበታተነ ጽሑፍ መረጃ እየለቀሙ ውሳኔ ላይ መድረስን የሚለካው ክፍል፣ ለብቻው አስጠኚ የሚፈለግለት ሆኗል። ሒሳብ አሳምሮ መሥራትም ሆነ ከፍተኛ ውጤት ማምጣት ግን አንድን ሰው ለዚህ ክፍል አስጠኚነት ብቁ አያደርገውም፤ ገንዘብና ጊዜ ሊወጣበት የሚገባው የተማሪውን ስህተት ከመነሻው ተከትሎ ማንበብ የሚችል አስጠኚ ነው።

ነገሩ ከፈተናው ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀው የድኅረ ምረቃ ማኔጅመንት ቅበላ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጁን 2012 ኢንተግሬትድ ሪዝኒንግ የተባለ፣ መረጃ አገናዝቦ ማንበብን የሚለካ ክፍል ጨምሮ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያ ክፍል ከ1 እስከ 8 ባለው መለኪያ ለብቻው ይታረም ስለነበርና ከ200 እስከ 800 በሚደርሰው ጠቅላላ ውጤት ውስጥ ስለማይገባ፣ ብዙ አመልካች ለይስሙላ ብቻ አጥንቶት ያልፍ ነበር። በአዲሱ ፈተና ግን የሒሳብ፣ የቋንቋና የመረጃ ትንተና (ዳታ ኢንሳይትስ) ክፍሎች እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ ተሰጥቷቸው፣ ከ60 እስከ 90 እየታረሙ፣ ከ205 እስከ 805 ለሚደርሰው ጠቅላላ ውጤት እኩል ድርሻ ያዋጣሉ። ቀድሞ ችላ ቢሉት የማይጎዳው ክፍል የውጤቱ ሲሶ ሆነ ማለት ነው።

በክፍሉ የሚቀርቡት 20 ጥያቄዎች አምስት ዓይነት ናቸው። በሰንጠረዥ ትንተና ተፈታኙ ዓምዶችን እየደረደረ አረፍተ ነገሮች እውነት መሆን አለመሆናቸውን ይፈርዳል፤ በግራፍ ትርጓሜ ከሥዕሉ ያነበበውን ወደ ጎደለ አረፍተ ነገር ያስገባል፤ ባለ ብዙ ምንጭ የሚባለው ደግሞ ደብዳቤን፣ ሰንጠረዥንና ማስታወሻን በተለያዩ ገጾች አቅርቦ አንዱን ከሌላው እንዲያስተያይ ይጠይቀዋል፤ ባለ ሁለት መልስ የሚባለው ሁለት የተያያዙ ምርጫዎችን በአንድነት ያስመርጣል። አምስተኛው ዳታ ሰፊሸንሲ፣ ማለትም የመረጃ በቂነት ነው፤ ይህ ዓይነት ቀድሞ በሒሳቡ ክፍል የነበረና ወደዚህ የተዛወረ ሲሆን፣ አንድ ጥያቄና ሁለት የመረጃ አረፍተ ነገሮች አቅርቦ የጥያቄውን መልስ ሳይሆን፣ መልሱን ለማግኘት መረጃው ይበቃል ወይስ አይበቃም የሚለውን ብቻ ይጠይቃል። ብዙ ንዑስ ጥያቄ ባለበት ቦታ ሁሉም ካልተመለሰ ነጥብ የለም። ለእያንዳንዱ ጥያቄ በአማካይ የሚደርሰው ጊዜ ሁለት ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ነው፤ ካልኩሌተር በማያ ገጹ ላይ የሚፈቀደውም በዚህ ክፍል ብቻ መሆኑ፣ የሚለካው የስሌት ችሎታ እንዳልሆነ በራሱ ይናገራል።

የክፍሉን ጠባይ አንድ ምሳሌ ያሳየዋል። «የአንድ ድርጅት ገቢ ሲቀነስ ወጪው፣ ዘንድሮ ካምናው ተሻሽሏልን?» የሚል ጥያቄ ቀርቦ፣ የመጀመሪያው መረጃ ገቢው በ20 ከመቶ አድጓል፣ ሁለተኛው ደግሞ ወጪው በ10 ከመቶ አድጓል ቢል፣ ገቢ ከወጪ ፈጥኖ ስላደገ ሁለቱ ተደምረው ይበቃሉ ብሎ የሚመልሰው ተማሪ ጥቂት አይደለም። ነገር ግን አምና ገቢው 100፣ ወጪው 300 ብር የነበረ ድርጅት ኪሳራው 200 ሲሆን፣ ዘንድሮ ገቢው 120፣ ወጪው 330 ይሆንና ኪሳራው ወደ 210 ከፍ ይላል፤ በአንጻሩ አምና ገቢው 300፣ ወጪው 200 የነበረ ድርጅት ትርፉ ከ100 ወደ 140 ያድጋል። ስለዚህ ሁለቱ መረጃዎች አንድ ላይ ሆነውም አይበቁም። በጥያቄው መግቢያ ላይ «አምና ትርፋማ የነበረ» የሚል ሐረግ ቢጨመር ግን፣ ገቢው ከወጪው እንደሚበልጥ አስቀድሞ ስለታወቀ፣ ያው መረጃ በቂ ይሆናል። መልሱን የሚገለብጡት እነዚያ ጥቂት ቃላት ናቸው፤ የሚያስፈልገው ስሌት ግን ከአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የመቶኛ ስሌት አያልፍም።

እንግዲህ ይህን ጥያቄ የሳተ ተማሪ ለምን ሳተ? መቶኛ ከምን ላይ እንደሚሰላ ዘንግቶ ሊሆን ይችላል፤ ጥያቄው ያልሰጠውን ትርፋማነት ከራሱ ጨምሮ አንብቦ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ምሳሌ ሞክሮ በዚያው ረክቶ ቆሞ፣ ወይም ባለፈው ጥያቄ ላይ አራት ደቂቃ አጥፍቶ ለዚህኛው አንድ ደቂቃ ብቻ ቀርቶት ሊሆን ይችላል። በእነዚህ አራት ምክንያቶች የሳቱ አራት ተማሪዎች በማያ ገጹ ላይ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ መርጠዋል፤ ሆኖም የሚያስፈልጋቸው መድኃኒት ለየቅል ነው። የመቶኛን ቀመር እንደገና የሚያስተምር አስጠኚ የመጀመሪያውን ብቻ ይረዳል፤ የቀሩት ሦስቱ በሰዓት እየከፈሉ አስቀድመው የሚያውቁትን ነገር ይሰማሉ። አብዛኛው የአስጠኚ ክፍያ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ግል አስጠኚነት የተጻፉ ምርምሮችም ይህንኑ ያጠናክራሉ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቤንጃሚን ብሉም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው የታወቀ ጽሑፉ፣ በግል አስጠኚ የተማሩ ተማሪዎች በመደበኛ ክፍል ከተማሩት በሁለት ስታንዳርድ ዲቪዬሽን፣ ይኸውም የውጤቶችን ስርጭት በሚለካው አሃድ ሁለት እጥፍ፣ በልጠው መገኘታቸውን አመለከተ። አሜሪካዊው ተመራማሪ ከርት ቫንሌን እ.ኤ.አ. በ2011 የብዙ ጥናቶችን ውጤት አሰባስቦ ሲመረምር ግን፣ የሰው አስጠኚ ጥቅም በዚያው መለኪያ ወደ 0.79 የሚጠጋ ሆኖ አገኘው። ከዚህ ይልቅ የሚደንቀው ሌላው ግኝቱ ነው፤ የተማሪውን እያንዳንዱን የአሠራር እርምጃ እየተከታተሉ የሚያርሙ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ወደ 0.76 ደርሰው ከሰው አስጠኚ ጋር ሊስተካከሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ የመጨረሻውን መልስ ብቻ አይተው ልክ ነው፣ ስህተት ነው የሚሉት ግን ከ0.31 አላለፉም። የአስጠኚ ዋጋው እርምጃን በማረሙ ላይ ነው፤ መልስ ብቻ የሚያይ አስጠኚ፣ ሰው ቢሆንም፣ የሚሠራው የዚያን ደካማ ፕሮግራም ሥራ ነው።

ለአማርኛ አንባቢ ይህ እንግዳ አሳብ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ለድጓ ወደ ቤተልሔም፣ ለዝማሬ መዋሥዕት ወደ ዙር አባ ሲሻገር የኖረው መምህር በሙያው ተለይቶ ስለሚፈለግ ነው፤ በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙሩ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ አቅርቦ፣ ቤት አልመታም ወይም ምሥጢር ጎደለበት እየተባለ ፊት ለፊት ሲታረም ነው የሚበስለው። የኔታ የራሳቸውን ቅኔ ቢያስደምጡት ተማሪው ይደነቃል እንጂ ባለ ቅኔ አይሆንም።

በመሆኑም ፈላጊው ከአስጠኚው ጋር በሚያደርገው የመጀመሪያ ውይይት የሚጠበቀው አስጠኚው እንዲጠይቅ ነው። ተማሪው ቀደም ሲል ተፈትኖ ከሆነ፣ ይፋዊው የውጤት ሪፖርት በየጥያቄው ዓይነትና በጊዜ አጠቃቀም ረገድ የተገኘውን ስለሚያሳይ፣ ይህን ሪፖርት ሳያይ የሃያ ሰዓት ጥናት የሚያቅድ አስጠኚ መታለፍ አለበት። ተማሪው ያልተፈተነ ከሆነም አዘጋጁ ምክር ቤት ሁለት ሙሉ የመለማመጃ ፈተናዎችን በነፃ ስለሚሰጥ፣ አንዱን በሰዓት ወስዶ የሳታቸውን ጥያቄዎች ሲያነብ ምን እንዳሰበ በራሱ ቃል መዝግቦ ይዞ ቢቀርብ፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በምርመራ ይጀምራል። መዝገቡን በሚገባ የያዘ ተማሪ አንዳንድ ጊዜ አስጠኚ እንደማያስፈልገው ራሱ ይደርስበታል፤ ይህም መልካም ውጤት ነው።

የአስጠኚው የራሱ ውጤት ሲጠየቅ ደግሞ አንድ ቀላል ማጣሪያ አለ። የቀድሞው ፈተና ጠቅላላ ውጤት ሁልጊዜ በ0፣ የአሁኑ ደግሞ በ5 ያበቃል፤ ስለዚህ 740 አምጥቻለሁ የሚል አስጠኚ የተፈተነው የመረጃ ትንተናው ክፍል በውጤቱ ውስጥ ባልተቆጠረበት ፈተና ነው። ይህ ብቻውን ከአስጠኚነት አያወጣውም፤ አዲሱን ክፍል እንዴት እንዳጠናውና ማንን እንዳስጠናበት ግን ሊያስረዳ ይገባዋል። ውጤት በዋስትና የሚሸጥ፣ ወይም ከፈተናው የወጡ ትክክለኛ ጥያቄዎች አሉኝ የሚል ከሆነ ግን ውይይቱ እዚያው ላይ መቆም አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ፍርድ ቤት እውነተኛ ጥያቄዎችን ያሰራጭ በነበረ ድረ ገጽ ላይ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ሲፈረድ፣ ከተጠቃሚዎቹም መካከል ውጤታቸው የተሰረዘባቸው ነበሩ።

ክፍያው ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚያመለክት ሰው ከባድ ነው፤ በመገናኛ አውታር የሚያስጠኑት የውጭ አገር አስጠኚዎች ዋጋቸውን በዶላር፣ ያውም በሰዓት ይጠይቃሉና። ስለሆነም ብዙ ሰዓት ከመግዛት ይልቅ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎችን አራርቆ መያዝ፣ በመካከላቸውም ለብቻ እየሠሩ ስህተትን መመዝገብ ይበጃል። ፈተናውን በ16 ቀን ልዩነት ደግሞ መውሰድ ቢፈቀድም፣ የፊተኛው ስህተት ሳይነበብ በ17ኛው ቀን ተመልሶ መቀመጥ ሁለተኛ ክፍያ ከፍሎ ያንኑ ውጤት መግዛት ነው።

በአሜሪካና በአውሮፓ ቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ገብተው ያጠናቀቁ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ ከእነርሱ መካከል አዲሱን ፈተና የወሰዱት በተለይ ይህን ክፍል ከውስጥ ያውቁታል። እነዚህ ወገኖች በወር ሁለት ሰዓት መድበው የአንድ አመልካች የስህተት መዝገብ ከባለቤቱ ጋር ተቀምጠው ቢያነቡ፣ መዝገቡንም በአማርኛ ቢነጋገሩበት፣ አመልካቹ በዶላር የማይደርስበትን እርዳታ ያገኛል። አመልካቾችም ይህን እርዳታ ሲጠይቁ መዝገባቸውን በእጃቸው ይዘው ይቅረቡ።