የዱር እንስሳትን በአነስተኛ ወጪ መጠበቅ ይቻላል፤ ጓሳን እዩ

የዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሳ ብዙዎቻችን የሚታየን ፓርክ፣ አጥርና የታጠቀ ዘበኛ ነው። ወዲያው የሚከተለው መልስ ደግሞ «ድሃ አገር ነን፤ በጀት የለም» የሚል ነው። ለመሆኑ ገበሬው በሚያርስበትና ከብቱን በሚያሰማራበት አካባቢ እንስሳትን ለመጠበቅ የግድ ብዙ ገንዘብ ያስፈልጋል? አያስፈልግም። ማስረጃው ሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ አለ።

የመንዝ ጓሳ ከፍታው ከ3,200 ሜትር በላይ፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ውርጫም መሬት ነው። በዙሪያው ገብስ ይዘራል፣ በግ ይረባል። ነዋሪው ይህን መሬት በራሱ ደንብ መጠበቅ የጀመረው ከ400 ዓመታት ገደማ በፊት ነው። ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል፤ ሲደርስ ይከፈትና ሁሉም በደንቡ መሠረት ያጭዳል። ደንብ የጣሰ ይቀጣል። የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ነው፣ ገመድ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ደግሞ የከብት መጠባበቂያ ነው።

ገበሬው ጓሳን የጠበቀው ለራሱ ጥቅም ሲል ነው። ይሁንና ሣሩ ሲተርፍ በውስጡ የሚኖረው አይጥ ተረፈ፤ አይጡ ሲተርፍ እሱን እያደነ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ ተረፈ። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አይገኝም፤ በመላው አገሪቱ የቀሩት አዋቂ ቀበሮዎችም ከ500 በታች ናቸው።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲወጣ ነባሩ ሥርዓት ፈረሰ። መሬቱ ባለቤት የሌለው መሰለ፤ ግጦሹና ጭፍጨፋው በረታ። ነገሩ የተሻለው ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ጥበቃውን ሲረከብ፣ ክልሉም በሕግ እውቅና ሲሰጠው ነው።

ሌላው ርካሽ ሥራ ክትባት ነው። በባሌ ተራሮች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ቀይ ቀበሮዎችን ደጋግሞ የፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ የሚመጣው ከገበሬው ውሾች ነው። ውሻው ሲከተብ ቀበሮውም፣ ከብቱም፣ የገበሬው ልጅም ይድናል። አንድ ወጪ፣ ሦስት ጥቅም። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

«ልጁን ማብላት ያቃተው ገበሬ ስለ ቀበሮ ምን ገዶት?» የሚሉ አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጭላዳ ገብሱን ሲበላበት፣ ነብር በጉን ሲወስድበት ኪሳራውን የሚሸከመው እሱ ነው። አዲስ አበባ ተቀምጠን በቀይ ቀበሮ የምንኮራ ሰዎች ግን ምንም አንከፍልም። ስለዚህ ርካሽ ጥበቃ ስንል ወጪውን ሁሉ በገበሬው ጫንቃ ላይ መጣል ማለት ከሆነ፣ ያ ቁጠባ አይባልም፤ ዕዳ ማስተላለፍ ነው።

እንግዲህ መንግሥት ሦስት ነገር ያድርግ። አንደኛ፣ የአካባቢው ሕዝብ ያወጣውን ደንብ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያስከብሩለት። ሁለተኛ፣ የውሻ ክትባት ከወረዳው መደበኛ የእንስሳት ክትባት ጋር አብሮ ይሰጥ። ሦስተኛ፣ ከቱሪስት የሚገኘው ገቢ መጀመሪያ እህሉና በጉ ለተበላበት ሰው ይድረስ።

ለእነዚህ የሚወጣው ገንዘብ አንድ አዲስ ፓርክ ከማቋቋም ያነሰ ነው። ገበሬው ጥቅሙን ካጣ ግን መሬቱ ይታረሳል፤ ከታረሰ በኋላ ቀይ ቀበሮን የሚመልስ በጀት የለም።