ብሩን ማን አስጨበጠው?

ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ብዙ ነገር ተምሮ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ማንን ማክበር፥ ማንን መሸሽ እንዳለበት ከቤቱ ያውቃል። ይህንንም የተማረው በምክር ሳይሆን እናቱና አባቱ ሲያደርጉ በማየት ነው።

እሑድ ጧት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመውን ቤተሰብ ተመልከት። እናት አንድ ብር አውጥታ፥ «ሂድ፥ ለዓይነ ስውሩ ስጥ» ትላለች። ልጁም ከጨርቁ ላይ ጥሎ ይሮጣል። ምጽዋት መልካም ነው፤ ማንም አይነቅፈውም። ነገር ግን ልጁ የሚያውቀው ዓይነ ስውር በደጀ ሰላም የተቀመጠው ብቻ ከሆነ፥ «እኔ ሰጪ፥ እሱ ተቀባይ» ብሎ ይደመድማል።

የዚህን ፍሬ በማስተምርበት ክፍል አይቻለሁ። አንድ አዲስ ተማሪ በነጭ በትር ለሚሄድ የክፍሉ ልጅ ብር ቢያስጨብጠው፥ ያ ልጅ፥ «ገንዘብ አልጠየቅሁህም፤ ይልቅ ሰሌዳው ላይ ያለውን አንብብልኝ» ብሎ መለሰለት። ሰጪው ክፋት አልነበረበትም፤ ከቤቱ የለመደውን አደረገ እንጂ።

ከዚህም የከፋ አለ። ልጁ አካል ጉዳተኛ አይቶ ሲጠይቅ «ዝም በል!» ብሎ እጁን የሚጐትት፥ ጉዳቱን ከእግዚአብሔር ቍጣ የሚቈጥር፥ ጎረቤቱን በስሙ ፈንታ «አንካሳው» እያለ የሚጠራ ወላጅ ጥቂት አይደለም።

አገራችን በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፥ በአንቀጽ 8 ግንዛቤው እስከ ቤተሰብ እንዲደርስ፥ ልጆችም ከሕፃንነታቸው አክብሮትን እንዲማሩ ያዛል። ይሁን እንጂ በማዕድ ዙሪያ የሚነገረውን ሕግ ገብቶ ሊሰማው አይችልም። የዚያ ኀላፊነት የቤተሰቡ ነው።

አንተ ተማሪ፥ ታናሽ ወንድም ይኖርህ ይሆናል፤ አንተም የመንግሥት ሠራተኛ፥ ዛሬ ባትሆን ነገ አባት ትሆናለህ። ልጁ፥ «አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ በክራንች ይሄዳል» ብሎ ሲነግርህ፥ «ምስኪን!» አትበል። «ስሙ ማን ነው? ምን ትጫወታላችሁ?» ብለህ ጠይቀው። በ5 ዓመቷ ዓይነ ስውር ሆና፥ ሕግ ተምራ፥ በ2010 ዓ.ም. የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ስለ ተቀበለችው ስለ የትነበርሽ ንጉሤ አጫውተው። ከሁሉም ይልቅ ግን ያንን ጓደኛውን ቅዳሜ ምሳ ይዞት እንዲመጣ ንገረው። ከአንድ ትሪ አብረው የበሉ ልጆች ብር መስጠትን ሳይሆን መጫወትን ያስባሉ።